ደም መጣጩና ዜማው

በመርካቶ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ባለሱቅ ፊልሙን ሁሉ አክሽን፣ ሆረር፣ የፍቅር እያለ በየፎልደሩ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር በ2017 ዓ.ም. በወርኃ ሚያዝያ ለዕይታ ያበቃው «ሲነርስ» ግን፣ ታሪክንና ሙዚቃን ከደም መጣጭ ጭራቅ ጋር ያዋሐደ ሥራ ስለሆነ፣ በአንድ ፎልደር አይወሰንም፤ ደም ፍለጋ ለሚመጣ ተመልካች ዋናው ሀብቱ ተሰውሮበት ይቀራል።

ነገሩ የሚፈጸመው በፈረንጆች 1932፣ በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ክላርክስዴል፣ ባርነት በሕግ ከቀረ 67 ዓመት ቢሞላውም ጥቁሮች ከጥጥ እርሻ ዕዳና ከነጮች ሽብር ባልወጡበት ዘመን ነው። ማይክል ቢ. ጆርዳን ብቻውን የሚጫወታቸው መንትዮች፣ ስሞክና ስታክ፣ ከቺካጎ ተመልሰው አንድ አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ይገዙና የጭፈራ ቤት ያደርጉታል፤ የሰባኪው ልጅ ሳሚ፣ የአጎታቸው ልጅ፣ በዚያ ቤት ጊታሩን ሲመታ፣ ያለፉት አበውና ገና ያልተወለዱት ትውልዶች ተጠርተው መጥተው፣ የአፍሪካው ጨፋሪ ከዘመናዊው ዲጄ ጎን ቆሞ ያሸበሽባል። ዜማ ሙታንንና ሕያዋንን አንድ ማኅበር እንደሚያደርግ፣ ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ምስጢር፣ እንዲህ አጉልቶ ያሳየ ሌላ ፊልም አላየሁም። በትርጉም የሚያየው ወገናችን ግን፣ ተራኪው በዘፈኑ ላይ ከተናገረበት፣ እምብርቱን ያጣል።

የደም መጣጮቹ አለቃ ሬሚክም ተራ ክፉ አይደለም። አየርላንዳዊ ነው፤ የአባቱን ርስት የቀሙ ሰዎች በግድ ያስተማሩትን አቡነ ዘበሰማያት፣ ሳሚን ውኃ ውስጥ እየደፈቀ አብሮት ይጸልያል፤ የሚሻውም በልጁ ዜማ የጠፉበትን ወገኖቹን ዳግመኛ ማየት ነው። እንዲህ ያለ የተበደለ በዳይ ከፈጠረ በኋላ፣ ለኀዘኑ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሰጥቶ ደም መጣጭን ወደሚያርቀው ነጭ ሽንኩርትና ወደ እልቂቱ መቻኮሉ የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ነው። ፀሐይ ወጥታ ጭራቆቹ ከተቃጠሉም ወዲያ፣ የነጮቹ አሸባሪ ማኅበር የኩ ክሉክስ ክላን ሰዎች በጥይት የሚታጨዱበት ሌላ ጦርነት ይደርብበታል፤ የዘመኑ እውነተኛ ጭራቅ እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ተመልካች በበቀል ረክቶ እንዲወጣ ብቻ በጥድፊያ ይሞታሉ።

እኛም በትውፊታችን አርዌ የሚሉት ጭራቅ ዘንዶ አለን። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በሚያሳዩት የሸራ ሥዕሎች ላይ፣ ሕዝቡ ለነገሠው ዘንዶ ልጃገረድና ከብት ሲገብር፣ አጋቦስ የተባለውም ጀግና መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ ሲገድለው እናያለን። ይህን ወደ ፊልም የሚያመጣ ባለሙያ ከመካከላችን ቢነሣ፣ በአገዳደሉ ላይ ሳይሆን፣ ተራው ደርሶት ልጁን ይዞ ወደ ዘንዶው በሚሄደው አባት መንገድ ላይ ረጅሙን ሰዓት ያውልልን።