ቁመት በሚሊ ሜትር

ቁመቱ አጠር ያለ ጎልማሳ ልጅ ያላት እናት «እግር በቀዶ ሕክምና ይረዝማል» የሚለውን ወሬ ሳትሰማ አትቀርም። ነገሩ እውነት ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሳይቤሪያ ኩርጋን ከተማ ያዳበሩት ዶክተር ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ናቸው፤ ያሰቡት ግን ለተሰበረና ለተጣመመ እግር እንጂ ለውበት አልነበረም። ቻይናም ለውበት ብቻ የሚደረገውን እ.ኤ.አ. በ2006 ከልክላለች።

አጥንቱ ይቆረጥና ጥቂት ቀናት ካረፈ በኋላ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ተከፍሎ፣ ይሳባል። በክፍተቱም አዲስ አጥንት ይበቅላል። በዚህ ስሌት 5 ሴንቲ ሜትር 50 ቀን ይፈጃል። ይህን ሰምቶ የሁለት ወር ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ ግን ተታሏል፤ አዲሱ አጥንት ጠንክሮ ሰውነትን እስኪሸከም ገና ብዙ ወራት ይቀሩታል። ጡንቻና ነርቭም እንደ አጥንት አይታዘዙም። የተረከዝ ጅማት አልሳብ ካለ ተረከዝ መሬት አይነካም፤ እግርን በየቀኑ ማፍታታት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ውጤቱስ በምን ይለካ? በበር መቃን ላይ በሚሰመር ምልክት አይሆንም፤ ሰው ጧት ከማታው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማልና። የሚታመነው ራጅ ነው፤ የሁለቱ እግሮች እኩልነትም በዚያው ይታያል። እኛ ግን ደረጃ ሲወጣና ከዱካ ሲነሳ እንየው እንላለን። እስከዚያ ድረስ ውኃ የምታቀብለውና ደግፋ የምታስነሳው እናት መሆኗን ከወዲሁ ተነጋገሩበት።