ዕረፍቱን ማን ወሰደው?

የመድረክ ሙዚቃዊ ተውኔት ወደ ፊልም በተቀየረ ቁጥር አድናቂዎቹ ቆጠራ ይጀምራሉ። የትኛው ዘፈን ቀረ? መሞት የነበረበት ማን ተረፈ? እንዲህ ያለውን ቆጠራ መከታተል እወዳለሁ። እንደ «ኢንቱ ዘ ዉድስ» ያስቆጠረ ፊልም ግን አላስታውስም።

ሥራውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ሙዚቃና ግጥሙ የስቴቨን ሶንድሃይም፣ ድርሰቱ የጄምስ ላፓይን ነው። ብሮድዌይ የገባው በ1987 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲንደሬላን፣ ራፑንዘልን፣ ባለቀይ ካባዋን ልጅና በባቄላ ተክል ሰማይ የወጣውን ጃክን አንድ ጫካ ውስጥ ያገናኛቸዋል። መሃላቸው ደግሞ መውለድ ያልቻሉ ዳቦ ጋጋሪና ሚስቱ አሉ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ሁሉም የተመኘውን አግኝቷል። መጋረጃ ይዘጋል፣ መብራት ይበራል፣ ዕረፍት ነው። ተመልካቹ እግሩን ሊያፍታታ ይወጣል። ሲመለስ ጃክ የገደለው የግዙፉ ሰው ሚስት ደም ልትመልስ ከሰማይ ወርዳ አገሩን ትረግጠዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሞት ነው፣ ክህደት ነው፣ «ያንተ ጥፋት ነው፣ ያንቺ ነው» መባባል ነው።

ይህን ዲዝኒ ሊሠራው ነው ሲባል አድናቂው ገና ከጅምሩ ተጠራጠረ። በጁን 2014፣ ፊልሙ ሳይወጣ፣ ሶንድሃይም ከመምህራን ጋር ሲጨዋወት ስለ ለውጦቹ ያነሳው ነገር ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ታተመ። ራፑንዘል አትሞትም፣ የልዑሉና የጋጋሪው ሚስት ነገርም ይለሳለሳል የሚል ነበር። አገር ተተረማመሰ። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ በፊልሙ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ መግለጫ አወጣ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ፊልሙ ዲሴምበር 25 ሲወጣ ራፑንዘል እውነትም ከልዑሏ ጋር በሕይወት ሄደች። መሳሳሙ ግን አለ። የጋጋሪው ሚስትም ሞታለች፣ የጃክ እናትም ሞታለች።

እንግዲህ ቁጣው ሁሉ ዲዝኒ ላይ ነበር። የፊልሙን ስክሪፕት የጻፈው ግን ራሱ ላፓይን ነው! ሶንድሃይም ደግሞ ጠንቋይቱን ለተጫወተችው ሜሪል ስትሪፕ አዲስ ዘፈን ሁሉ ጽፎላት፣ ተቀርጾ፣ በኋላ ተቆርጦ ወጣ። ዋናው ተነካ የሚሉት ብዙዎቹም ተውኔቱን ያወቁት ኒው ዮርክ ቲያትር ቤት ገብተው ሳይሆን፣ በ1991 የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ካሳየው ቅጂ ነው። ለልጆች ተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀው አጭር ቅጂማ ሁለተኛውን ክፍል ከነጭራሹ ጥሎት፣ ሁሉም ደስ ብሎት ያልቃል። እሱን ተቃውሞ ሰልፍ የወጣ የለም።

በእኔ ዓይን ፊልሙ ያጣው ትልቁ ነገር ማንም ቆጠራ ውስጥ ያላስገባው ዕረፍቱ ነው። እነዚያ አሥራ አምስት ደቂቃዎች የሥራው አካል ናቸው። ተመልካቹ «አለቀ፣ አማረ» ብሎ ተረጋግቶ መቀመጥ አለበት፤ ካልተረጋጋ አይደነግጥም። በፊልሙ ሠርጉ ሳያልቅ ምድር ትንቀጠቀጣለች። ለደስታው ጊዜ ስላልተሰጠው ሐዘኑ እንደ ዱብ ዕዳ ይወርድና የሌላ ፊልም መጀመሪያ ይመስላል። ተራኪውም ቀርቷል። መድረክ ላይ ገጸ ባሕርያቱ ነፍሳቸውን ለማዳን ተራኪያቸውን ለግዙፏ አሳልፈው ይሰጡና፣ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅላቸው ሰው ያጣሉ። በፊልሙ የሚተርከው ጋጋሪው ራሱ ነው፤ ስለዚህ እሱ እንደሚተርፍ ከመነሻው እናውቃለን። ጋጋሪው ሚስቱን አጥቶ፣ ሕፃኑን ጥሎ ሲሸሽ ከአባቱ ጋር የሚዘፍነው ዘፈንም ቃሉ ተቆርጦ ዜማው ብቻ ከጀርባ ይሰማል። እዚህ ላይ ከአድናቂዎቹ ጋር ነኝ። አባት ሸሸ፣ ልጁም ሊሸሽ ነው፤ የሚመልሰው ያ ዘፈን ነበር። ኤድስ ወጣቱን በሚጨርስበት ዘመን የወጣ ሥራ ነውና፣ ያኔ ወዳጁን የቀበረ ሰው ዘፈኑን በራሱ ሐዘን ነው የሚሰማው። ለሱ ጉዳዩ የራፑንዘል መትረፍ አይደለም።

ሌላው ቅሬታ ከማያውቁት መጣ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ዘፈን የለበትም ማለት ይቻላል። ዲዝኒ፣ ሲንደሬላ፣ የገና ቀን... ልጁን ይዞ ያልገባ ወላጅ ምን ይጠብቅ? አድናቂዎቹ «ሳያውቁ ለምን ገቡ?» ብለው ሳቁባቸው። አላግባብ ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው ምን እንደሚያይ የማወቅ መብት አለው፤ ግማሹን የደበቀው ሻጩ ነው። ዘዴው ግን አዋጥቷል፤ በ50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ከዚያ ወዲህ «ዎንካ»ም «ሚን ገርልስ»ም ሙዚቃዊነታቸውን በማስታወቂያቸው ሸሽገው ነው የወጡት።

«ዊክድ» ሲመጣ ዕረፍቱ ተመለሰ፤ በዋጋ። በኖቬምበር 2024 የወጣው ፊልም የመድረኩ ዕረፍት ያለበት ቦታ ላይ ቆመ፤ ቀሪው የመጣው በኖቬምበር 2025 ነው። የአንድ ዓመት ዕረፍት፣ ሁለት ትኬት። «ሁለቴ አስከፈሉን» ያለው አድናቂ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ለታሪኩ ከ2014ቱ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ብቻ በአብዛኛው ማስታወቂያ ላይ «ክፍል አንድ» የሚል ቃል አልነበረም። ቃሉ የመጣው ሰው ከፍሎ ገብቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ርዕሱ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ነው።