አንድ መግቢያ ለብዙ አገልግሎት፦ የመንግሥት የመረጃ ሥርዓቶች ትስስር እና የስም ጉዳይ

የመንግሥት አገልግሎቶች በኢንተርኔት መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ ተገልጋዩ ከረጅም ሰልፍ በከፊል ቢገላገልም በምትኩ ሌላ ሸክም ተጭኖበታል። ለአንዱ አገልግሎት የያዘው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ለሌላው አያገለግለውም። በየመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የልደት ቀኑን፣ አድራሻውንና የስልክ ቁጥሩን እንደ አዲስ ይሞላል፤ የመታወቂያውንም ምስል ደጋግሞ ይጭናል። ቀድሞ በፎቶ ኮፒ በየመስኮቱ ይቀርብ የነበረው ማስረጃ አሁን በስካን በየድረ ገጹ ይቀርባል እንጂ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም።

የዚህ ምክንያት የባለሙያዎች ድክመት አይደለም። እያንዳንዱ ተቋም ሶፍትዌሩን የገዛው ወይም ያስለማው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ በጀትና በራሱ የውል ሰነድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው ዜናና መመሪያ የሚወጣበት ድረ ገጽ ነው፤ እሱም በይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ላይ ይቆማል። ከዓመታት በኋላ የማመልከቻ መቀበያ፣ ቀጥሎም የአቤቱታ ማስተናገጃ ይታከልበታል። ሦስቱም የየራሳቸው የተጠቃሚዎች መዝገብ አላቸው። ተገልጋዩ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የገባ ይመስለዋል፤ ከገጹ ጀርባ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ዘበኞች ቆመዋል።

አገሪቱ ይህን ለመለወጥ የሚያስችል የሕግና የፖሊሲ መሠረት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘርግታለች። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ በኋላም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል በመውሰድም አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ያደርጋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሯል። ስሙ እንደሚያመለክተው በአንድ ገበታ ዙሪያ ብዙ ተቋማት እንዲቀመጡ ታስቧል። ተቋማቱን በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ አስቸጋሪው መዝገቦቻቸውን ማነጋገር ነው።

ሁለት ሥርዓቶችን ለማስተሳሰር በተግባር ሦስት መንገዶች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የአንዱን መዝገብ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው። በየሌሊቱ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም አዳዲስ ተጠቃሚዎችን ከአንዱ ቋት ወደ ሌላው ይወስዳል። ወጪው አነስተኛ ስለሆነ ተቋማት ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ይህንኑ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ተገልጋዩ የይለፍ ቃሉን በአንዱ ሲቀይር በሌላው አሮጌው ይሠራል። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ከአንዱ ሥርዓት ቢሰረዝም በሌላው የማጽደቅ ሥልጣኑ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። የመረጃው ቅጂ በበዛ ቁጥርም የሚሾልክበት ቀዳዳ ይበዛል።

ሁለተኛው ሁለቱም ሶፍትዌሮች አንድ የተጠቃሚዎች ሰንጠረዥ በጋራ እንዲያነቡ ማድረግ ነው። ይህ ቅጂን ያስቀራል፤ ነገር ግን ሁለቱን ሶፍትዌሮች እንደ ተጣበቁ መንትዮች ያደርጋቸዋል። አንደኛው አዲስ ስሪት ሲወጣለትና የሰንጠረዡ አሠራር ሲለወጥ ሌላው ይቆማል። በዚህም ሳቢያ ተቋሙ የደህንነት ማሻሻያዎችን ለመጫን ይፈራል። ያልታደሰ ድረ ገጽ ደግሞ ለሰርጎ ገቦች የተመቸ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ማንነትን የማረጋገጥ ተግባርን ከሁሉም ሥርዓቶች አውጥቶ ለአንድ መግቢያ መስጠት ነው። ተገልጋዩ ማንነቱን በዚያ መግቢያ ያረጋግጣል፤ መግቢያውም አገልግሎቱ ወደሚገኝበት ድረ ገጽ ጊዜው የተወሰነ ኤሌክትሮኒክ ማረጋገጫ ይልካል። ድረ ገጹ የይለፍ ቃሉን አያይም፣ አያስቀምጥምም። የፋይዳ ሥርዓት የተገነባው ሞሲፕ በተባለው ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ሲሆን፣ ለዚህ ዓይነቱ ትስስር ኦፕን አይዲ ኮኔክት የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ይጠቀማል። ስለዚህ ወደፊት ለሚዋዋሉ ተቋማት ከሦስቱ የሚመከረው ይኸኛው መሆኑ አያከራክርም። ጥያቄው በነባሮቹ መዝገቦች ውስጥ ያለው ሰው በአዲሱ መግቢያ ከሚመጣው ሰው ጋር አንድ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከሶፍትዌር ወደ ፊደል ይሻገራል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል «ፀ» ወይም «ጸ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው «ሐ»፣ «ሀ» ወይም «ኀ»። ይህ ብቻ ስድስት አጻጻፍ ይሰጣል፤ «ሃ»፣ «ሓ» እና «ኃ» ሲጨመሩ አሥራ ሁለት ይሆናል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር ስላለው አሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። የተጣመሩ ስሞች ነገሩን ያብሱታል፤ «ገብረ መድኅን» ተለያይቶ፣ «ገብረመድኅን» ተገጥሞ፣ «ገ/መድኅን» አጥሮ ይጻፋል። በአጭሩ አጻጻፍ ውስጥ ያለውን ዝባዝ ጨርሶ የማይቀበሉ ቅጾችም አሉ። ለዘመናት በማኅተምና በፊርማ ሲሠራበት የኖረ አጻጻፍ «ልክ ያልሆነ ስም» ተብሎ በቀይ ጽሑፍ ሲመለስ ማየት ለተገልጋዩ የሚያስከፋ ነው።

በላቲን ፊደል ሲሆን ችግሩ መልኩን ይለውጣል። «ፀ» በአንዱ ሰነድ ሁለት ፊደል፣ በሌላው አንድ ፊደል ሆኖ ይገኛል። «ጫልቱ» የሚለው ስም በአፋን ኦሮሞ ቁቤ በ«ሲ» ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ለተሞላ ፓስፖርት ግን «ኤች» ይጨመርበታል። ሁለቱም በየሥርዓታቸው ትክክል ናቸው። ከውጭ የሚገዙ ሶፍትዌሮች የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥን ስላላቸውም አንዱ መዝጋቢ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ያስገባበታል። በአሜሪካ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሰነዶች ላይ ይኸው ልዩነት ይታያል፤ ወደ አገር ቤት ተመልሰው የባንክ ሒሳብ ወይም የንግድ ፈቃድ በሚያወጡበት ጊዜም አብሯቸው ይመጣል።

የልደት ቀን ከስም የተሻለ መለያ ይመስላል፤ እሱም የራሱ ችግር አለው። ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የልደት ቀኑ ኦክቶበር 22 ቀን 1986 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን ያልተገነዘበ መዝጋቢ በሁሉም ላይ ስምንት ሲደምር ሰውየው በአንዱ መዝገብ ላይ አንድ ዓመት ያንሳል። ለጡረታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚዘረዝር ቅጽ ሲያጋጥመው በነሐሴ ወይም በመስከረም ለመወለድ ይገደዳል። በዚህ ላይ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ከተደነገገ በኋላ በአዲሱ ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ መካሄድ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ የብዙ ጎልማሶች የልደት ቀን ከመጀመሪያው በቃል የተነገረ ነው፤ በየቦታው የተነገረውም አንድ ላይሆን ይችላል።

በባለሙያዎች ዘንድ ያለው መፍትሔ በከፊል የታወቀ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለፍለጋ ሲባል ብቻ ወደ አንድ ማምጣት፣ ክፍተቶችንና ዝባዞችን ለንጽጽር ማስወገድ፣ የሁለቱን አቆጣጠሮች ቀን አብሮ መያዝ ይቻላል። ለፍለጋ ሲባል ብቻ የሚለው ሐረግ ሊሠመርበት ይገባል። የሰውን ስም ለኮምፒውተር ምቾት ሲባል በመዝገቡ ላይ መለወጥ የሚያስከትለው ቅሬታ ቀላል አይደለም፤ «ሥ»ን ወደ «ስ» የለወጠ ሰነድ ይዞ ፍርድ ቤት ወይም ባንክ የሚሄደው ተገልጋዩ ነው። ከዚህ ሌላ ሥርዓቱ ተመሳሳይ የመሰሉትን ሁለት መዝገቦች በራሱ ማዋሐድ የለበትም። ስማቸው፣ የአባታቸው ስምና የልደት ዓመታቸው የተገጣጠመ ሁለት ሰዎች ማግኘት በኢትዮጵያ ብርቅ አይደለም፤ በስህተት የተዋሐዱ መዝገቦችን መለየት ደግሞ ከማዋሐድ ይልቅ ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

የዩናይትድ ኪንግደም ተሞክሮ ይህን ያጠናክራል። ቬሪፋይ የተሰኘው የአገሪቱ የጋራ መግቢያ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር በ2020 እ.ኤ.አ. 25 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ይኖሩታል ተብሎ ነበር። የአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት ቢሮ በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ግን የተመዘገቡት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ማንነታቸውን ለማረጋገጥ ከሞከሩት ውስጥ የተሳካላቸው 48 በመቶ ሲሆኑ የታቀደው 90 በመቶ ነበር። የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ የራሱን ነባር መግቢያ መጠቀሙን ቀጠለ፤ ቬሪፋይም በ2023 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በቴክኖሎጂ እጅግ የበለጸገ መንግሥት ያጋጠመው ችግር የኮምፒውተር አቅም ማነስ አልነበረም። ዕቅዱ ተቋማቱ በፈቃደኝነት ይከተላሉ በሚል ግምት ላይ ቆሞ ነበር።

ኢስቶኒያ በአንጻሩ ኤክስ ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ አውላለች። በዚያች አገር መረጃዎች በአንድ ግዙፍ ቋት አልተከማቹም፤ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ይዞ ሌላው ሲያስፈልገው በሕግ በተፈቀደለት መጠን ይጠይቃል። አንድ መረጃ በአንድ ተቋም ከተያዘ ሌላው ያንኑ ለመሰብሰብ የተለየ ቋት ማቋቋም ተከልክሏል። ሆኖም እዚያም የአንድ በር አደጋ ታይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. በመታወቂያ ካርዶቹ ቺፕ ላይ የደህንነት ጉድለት በመገኘቱ 760,000 ገደማ ካርዶች ለአደጋ ተጋልጠው የኤሌክትሮኒክ ማረጋገጫዎቻቸው በኅዳር ወር ታግደዋል። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ያልቆመው በሞባይል የሚሠራ ሌላ የማንነት ማረጋገጫ አስቀድሞ ስለነበረ ነው።

ከዚህ አንጻር በኢትዮጵያ በስልክ በሚላክ የአንድ ጊዜ ቁጥር ላይ ብቻ መደገፍ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ሲም ካርዱ የጠፋበት፣ ቁጥሩን የለወጠ ወይም ስልክ ከቤተሰቡ ጋር የሚጋራ ሰው በመግቢያው ላይ ይቀራል። መሶብን የመሰሉ ማዕከላት ዋጋቸው በዚህ ጊዜ ይታወቃል፤ በአሻራ ማረጋገጥ የሚቻልበትና ሰው ሰውን የሚያናግርበት መስኮት ናቸውና። የዲጂታል አገልግሎት መስፋፋት መስኮቱን ለመዝጋት ምክንያት ተደርጎ ከተወሰደ የሚጎዳው አስቀድሞም ሩቅ የነበረው ዜጋ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሠራበት ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በተግባር ሲተረጎም፣ አመልካቹ ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ መሆኑን ብቻ ማወቅ ያለበት አገልግሎት የልደት ቀኑንና አድራሻውን አብሮ መቀበል የለበትም ማለት ነው። ተቋማት ለትስስር ሲዋዋሉ «ሁሉም መረጃ ይምጣልን» የሚሉት ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል በሚል ነው። ምናልባት ግን በአዋጁ መሠረት በቂ ምክንያት አይደለም።

በየተቋሙ የትስስር ሥራ ሲጀመር ከመግቢያው ገጽ ውበት በፊት በጽሑፍ መወሰን ያለበት አንድ ነገር አለ። በሁለት መዝገቦች መካከል ስም ወይም ቀን ሲጋጭ የትኛው መዝገብ ይጸናል፣ ለማስተካከል ሥልጣን ያለው የትኛው የሥራ ክፍል ነው፣ ተገልጋዩስ በስንት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል? ይህ በውሉም ሆነ በአሠራር መመሪያው ካልተጻፈ፣ መሥሪያ ቤቱ «ፋይዳ ላይ አስተካክለህ ና»፣ የምዝገባ ጣቢያው ደግሞ «የልደት ማስረጃህን አስተካክለህ ና» እያሉ ባለጉዳዩን ያመላልሱታል፤ ማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ያለው ከሆነም ቀኑ በዚሁ መካከል ያልፋል።