ጠመንጃ መቁጠር አይበቃም፦ ባሩድና የምዕራብ ድንበር ታሪክ

የጦር መሣሪያ ታሪካችንን የሚመረምሩ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚቆጥሩት ጠመንጃ ነው። ስንት ገባ፣ በማን እጅ ነበረ፣ በምን ዋጋ ተሸጠ ይባላል። በጠመንጃው ውስጥ የሚነደው ባሩድ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዱላ ስለማይሻል፣ ይህ ዝምታ የአካባቢ ጥናቶቻችንን መደምደሚያ ያዛባል ብዬ አምናለሁ።

ውጅግራን እንውሰድ። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ የ1874 (እ.ኤ.አ.) የግራ ጠመንጃ ነው። 11 ሚሊ ሜትር የሆነው ጥይቱ 25 ግራም ያህል የእርሳስ አረር ሲኖረው፣ የሚገፋውም 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ነበር። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ በከሰል እሳት ሊቀረጽ ይችላል። የጥቁር ባሩድ ግብዓቶችም ጨው ጴጥሮስ፣ ድኝና ከሰል ናቸው። ቀልሃውና እሳት ጫሪው እስከተገኙ ድረስ፣ ብልህ እጅ ያለፋብሪካ ጥይቱን ዳግም ሊሞላው ይችል ነበር።

ጭስ አልባው ባሩድ ይህን ዕድል ዘጋ። ፖል ቪዬይ በ1884 (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ይህ ባሩድ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌቤል ጠመንጃ ጋር አገልግሎት ላይ ዋለ። ለመሥራት አሲድና የተደራጀ የኬሚካል ፋብሪካ ይጠይቃል። ከጥቁሩ ባሩድ ብዙ እጥፍ ኃይል ስላለውና ግፊት በጨመረ ቁጥር ፈጥኖ ስለሚነድ፣ በጥቁሩ ባሩድ መስፈሪያ ቢተካ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ ይችላል። ፍጥነቱም ለስላሳውን እርሳስ በአፈሙዙ ጥርሶች ላይ ስለሚያንሸራትት፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው አረር አስፈለገ። ባሩድ በስም ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከዚህ የሚከተለው ታሪካዊ ጥያቄ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ዋዜማ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ሲነፍጉን፣ ዘመናዊው ጠመንጃ ያለፋብሪካ ጥይት ምን ሊሆን ይችል ነበር? አሮጌው ውጅግራስ ቀድሞ የሚናቅ ነበር ወይስ ቆይቶ የሚያገለግል? መልሱ በጠመንጃ ቆጠራ አይገኝም።

ለሱዳን ድንበር ቅርብ የሆነው ሸርቆሌ ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው። አካባቢው በወርቁ የታወቀ ነው፤ የአሶሳው ሼክ ኾጀሌ አልሐሰንም ግብራቸውን ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ ይከፍሉ ነበር። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ድንበሩን ቢያሰምርም፣ የነጋዴውን እግር ማሰር ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በወርቁ ምን ተገዛ ስንል፣ ጠመንጃ ብቻ ነው ወይስ እርሳስ፣ ቀልሃና ባሩድ ጭምር ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ለምርምር ተማሪዎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አዛውንትን ስንጠይቅ ማን ጠመንጃ ነበረው ከማለት አልፈን ጥይቱን ማን ይሞላው ነበር፣ እርሳሱስ ከየት ይመጣ ነበር እንበል። እነዚህ እጆች በጽሑፍ አልተመዘገቡም፤ የሚያስታውሷቸውም ሰዎች እያለፉ ነው። ሁለተኛ፣ ሙዚየሞች የቀልሃውን የግርጌ ማኅተም ከጠመንጃው ዓይነት ጋር ይመዝግቡ፤ የተሠራበትን አገርና ዘመን የሚናገረው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና። ሦስተኛ፣ በመስክ የተገኘ አሮጌ ጥይት አይከፈት፣ አይሞከር። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ከሆነ በዕድሜ ብዛት ኃይሉን አያጣም፤ የድሮ እሳት ጫሪም በትንሽ ምት ሊነሣ ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ተመራማሪን አይለይም፤ ጥይቱን ለሚመለከተው የጸጥታ አካል ማስረከብ ግዴታችን ነው።

ጠመንጃው የባለቤቱን ማዕረግ ይነግረን ይሆናል። ጥይቱ ግን የሠሪውን፣ የነጋዴውንና የመንገዱን ታሪክ ይዟል። ጥናታችን ሁለቱን አብሮ ሲያነብ ብቻ ሙሉ ይሆናል።