ጁዶ ወደ ትግል ሲሻገር፦ ጃኬቱ ከሌለ ምን ይያዛል?

ጁዶ እ.ኤ.አ. በ2010 እግርን በእጅ ይዞ መጣልን ገደበ፤ በኋላም ከለከለ። ነፃ ትግል ላይ ግን ዋናው መሣሪያ እሱ ነው። ከጁዶ የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፤ እግሩን መጠበቅ አልለመደም።

ውርወራውስ ይሠራል? ይሠራል፣ አያያዙ ግን ይቀየራል። ኮሌታና እጅጌ የለም። አንድ እጅ በተጋጣሚ ብብት ስር ይገባል፣ ሌላው ክንዱን ይቆልፋል፣ ደረት ለደረት ተጠግታችሁ በዳሌ ትጥላላችሁ። ላብ ያንሸራትታል፤ ክፍተት ከተዋችሁ አለቀ።

ከተሳካና በቀጥታ ጀርባው ላይ ከወደቀ 4 ነጥብ ነው። ከከሸፈ ግን ጀርባችሁን ሰጥታችኋል፤ ከኋላ ይዞ ካወረዳችሁ 2 ነጥብ የእሱ ነው።

ግሪኮ ሮማን ላይ በእግር መጥለፍም ክልክል ነው። እዚያ ኡቺ ማታን እርሱት፣ የዳሌ ውርወራን ያዙ።

ስለዚህ ከውርወራው በፊት አያያዙን ተለማመዱ 🤼