ብረቱ ከትራስ ሥር፣ ባለ እጁ ከደጅ

አምባሰልን አገሩ ሁሉ በቅኝቱ፣ ሐይቅን በገዳሙ ያውቃቸዋል። እኛ ግን ዛሬ በእነዚህ በሁለቱ አገሮች ስም ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ዜማም ስለ ገድልም ለመጻፍ አይደለም፤ ስለ ዕቃ ለመጻፍ ነው። ስለሚፈራ ዕቃ፣ ስለተወገዘበት ዕቃ፣ ስለሚታማ ዕቃ። «ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጥታችሁ ስለ መጥረጊያና ስለ ማረሻ ትጽፋላችሁን?» የሚለን ቢኖር፣ አዎን እንላለን። ሰው በእጁ የሚይዘውን ነገር ለምን እንደሚፈራ የተረዳ፣ ሰው ሰውን ለምን እንደሚፈራ ለመረዳት ሩቅ አይሆንበትምና።

ከሐይቅ ከተማ እስከ ውጫሌ በየቤቱ የሚነገረውን ያልሰማ በመካከላችን የለም። ቤት በማታ አይጠረግም፤ በረከት ተጠርጎ ይወጣል። በሌሊት አይፏጭም፤ እባብ ይጠራል። መንታ መንገድ ላይ የወደቀ ሳንቲም አይነሣም፤ መተት ይኖርበታል። ከአያት የወረደ ጨሌ አይጣልም፣ አይሸጥም፤ የነካው ይታመማል። አራስ ባለችበት ቤት ብረት ከትራስ ሥር አይጠፋም።

ይህን ሁሉ «አጉል እምነት ነው» ብሎ ባንድ ቃል መዝጋት ለተማረ ሰው ይቀለዋል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ፍርድ የሰነፍ ፍርድ እንለዋለን። ከነዚህ ነገሮች አንዳንዱ ማንንም የማይጎዳ ነው፤ አንዳንዱ በዘመኑ ትልቅ ጥቅም የሰጠ ነው፤ አንዳንዱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰው የሚያቆስል ነው። ሦስቱን ሳይለይ የሚስቅ ሰው፣ ሦስቱን ሳይለይ ከሚያምን ሰው በምን ይሻላል?

በማይጎዳው ላይ ጊዜ አናጠፋም። ኩራዝ ብቻ በሚበራበት ጎጆ በማታ የሚጠርግ ሰው የወደቀ መርፌም ሆነ ጉትቻ ከጥራጊው ጋር ሊጥል ይችላል። እናቶች «በረከት ይወጣል» ሲሉ ምናልባት ይህንኑ በአጭሩ መናገራቸው ነው። አምፑል በገባበት ቤት ልማዱ ያለ ክርክር ይቀር ይሆናል፤ ባይቀርም የሚጎዳው ሰው የለም።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን፣ የትምህርትና የመጻሕፍት አገር ነበረ። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት፣ የራሳቸውም ሥዕል ያለበት ወንጌል በታሪክ ሊቃውንት ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው። በአገራችን የብራና መጻሕፍት ልማድ፣ በባዶው ቅጠል ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ የውግዘት ቃል ይጻፋል። መጽሐፉን የሰረቀ፣ ጽሕፈቱንም የፋቀ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው።

ይህን ቃል ዛሬ ስናነበው ባዶ ማስፈራሪያ ይመስለናል። ነገር ግን እናስብ። ፖሊስ በሌለበት፣ የብረት ካዝና በሌለበት፣ የውል መዝገብ ቤት በሌለበት ዘመን አንድ መጽሐፍ በምን ይጠበቅ ነበር? ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የሚታረደው ፍየል ብዙ ነው፤ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ተሰምሮ እስኪጻፍበት ድረስ የሚጠፋው ድካምም ብዙ ነው። ስለዚህ ቃል ቁልፍ ሆነ። ቁልፉም ሠራ፤ የሚሰርቀውም፣ የሚገዛውም፣ ሲሸጥ የሚያየውም ሰው ያንኑ ቃል ይፈሩ ነበርና። የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ቅጠሎች ላይ ይጻፍ የነበረውም ማንም ደፍሮ እንዳይፍቀው ነው። ውግዘት እንግዲህ የተረት ነገር ብቻ አልነበረም፤ ኅብረተሰቡ ንብረቱን የሚጠብቅበት ሕግ ነበር።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በአምባሰል ግሸን አምባ ላይም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። እንደ ትውፊቱ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግሸን የደረሰው ግማደ መስቀል በሣጥን ላይ ሣጥን ሆኖ ከምድር በታች ተቀብሯል። ማንም አያየውም፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግን ሕዝቡ ያላየውን ለመሳለም አቀበቱን ይወጣል። አለመታየቱ ራሱ ጠባቂው ሆኗል። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 የኢትዮጵያ ታቦታትም እንዲሁ ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ይህ የሚደረገው የባለቤቶቹን ሥርዓት ለማክበር ነው ይባላል። ሥርዓቱን አክብረው ሸሸጓቸው፤ ባለቤቶቹን አክብረው ግን አልመለሷቸውም።

እዚህ ላይ የውግዘት ኃይል እስከ የት ድረስ ነው ብለን እንጠይቃለን። መልሱ ከአምባሰል በስተምዕራብ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ ያከማቹትን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ሲወርድ፣ በየመጽሐፉ የተጻፈው ውግዘት አንዲቱን በቅሎ አላቆመም። በግዕዝ የተሠራ ቁልፍ ግዕዝ ለማያውቅ እጅ ቁልፍ ሊሆን አይችልም። ጎረቤታችን በላሊበላም 7 ኪሎ ያህል የሚመዝነው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ፣ ቤልጅግ አገር በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ የተመለሰውም በ1993 ዓ.ም. ነው። ገዢው እንደ አገሬው የሚፈራ አልነበረም።

እንዲያውም በፈረንጅ አገር እርግማን ዋጋ መጨመሪያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆፕ የሚባለው ሰማያዊ አልማዝ የያዘውን ሁሉ ያጠፋል የሚለውን ወሬ፣ ጌጥ ነጋዴው ካርቲዬ እ.ኤ.አ. በ1911 አልማዙን ለሸጠላት ባለጸጋ ሴት እንደ ማጣፈጫ ነግሯታል። አልማዙ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በዋሽንግተን ሙዚየም ተቀምጦ ተመልካች ይስባል። በእኛ ዘንድ ሌባን ያራቀ ፍርሃት፣ በዚያ ገበያተኛን ያቀርባል።

ታዲያ የተወሰደውን የሚመልሰው ምንድን ነው? እውቀት ነው። በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ የመቅደላ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አገሩ የተመለሰው፣ ቀድሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ አንድ ቄስ አይቶ ምን እንደሆነ ስላወቀ ነው። መብረቅ አልወረደም፤ ሰው አወቀ።

በዚህ ነገር የሐይቅ አባቶች ከእኛ ይልቅ ብልህ ነበሩ። በዚያው በአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። አባቶች አውግዘው ብቻ አልተቀመጡም፤ ቆጠሩም። ዛሬም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። መመዝገብ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚል ሰው ካለ፣ በሐይቅ ከ700 ዓመት በፊት የተጀመረ ነው እንለዋለን።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ብዕራችንን ወዳስነሣን ጉዳይ ደረስን።

ከአራሷ ትራስ ሥር ያለው ብረት ማን የሠራው ነው? ቀጥቃጩ ነው፤ በጨዋው አጠራር ባለ እጁ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሳሩን፣ ቢላዋውን የሠራው እርሱ ነው። ያው ብረት ሕፃኑን ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎ ይታቀፋል፤ ብረቱን የሠራው ሰው ግን ራሱ ቡዳ ነው ተብሎ ሕፃኑን እንዳያይ ይሸፈንበታል! እንስራውና ምጣዱ ከቤት ይገባሉ፤ ሸክላ ሠሪዋ ከደጅ ትመለሳለች። በጀበናዋ ቡና ይፈላል፤ እርሷ ግን ለቡናው አትጠራም።

ከዚህም የባሰ አለ። ከቡዳ ዓይን ይጠብቃል ተብሎ በክርስቲያኑም በእስላሙም አንገት የሚንጠለጠለው ክታብ በቆዳ ይሰፋል። ቆዳውን ያለፋው ፋቂ ነው፤ እርሱም ከሚታሙት አንዱ ነው። በግዕዝ የተጻፈውን ጥቅል ክታብ ደግሞ ብንዘረጋው፣ ከደዌና ከአጋንንት ስሞች ጋር ተሰልፎ «ነሃቢ» የሚል ቃል እናገኛለን። ነሃቢ ማለት ብረት ሠሪ ማለት ነው። የሰው ሙያ የበሽታ ስም ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው!

ባለ እጁ በሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውም ወሬ ዕቃ አላጣም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ስለመታየቱ በመጽሐፉ ጽፏል፤ ሰዎቹም ጅቡ ያው ቀጥቃጩ ለመሆኑ ምስክር አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ያ ወሬ ይኸው ሁለት መቶ ዓመት ሆነው፤ ዛሬም በየመንደሩ ይወራል። ጉትቻው የት እንዳለ ቢጠየቅ ግን የሚያመጣው የለም። ሁልጊዜ ያየው ሌላ ሰው ነው።

በዚህ ወሬ የሚጎዳው ስንቱ ነው? ልጅ ሲያተኩስ «ቡዳ በላው» ይባላል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ይሸተታል፤ ጭስ ይታጠናል፤ ሕመምተኛው «ማን በላህ?» እየተባለ ይጠየቃል። በዚያ ሰዓት ወባው ወይም የማጅራት ገትሩ ሥራውን ይሠራል። ስሙ የተጠራውም ሰው እየተጎተተ መጥቶ ትፋበት ይባላል። አንዱ በበሽታ፣ ሌላው በውርደት፣ ሁለት ሰው ባንድ ቀን ይጎዳል። ከዚያ በኋላ የባለ እጁ ልጅ «አጥንቷ አይነካካንም» ተብላ ትቀራለች፤ ወንዱም ሙያውን ደብቆ ከተማ ይገባል። አገር ብረት ሠሪ የለኝም እያለ እያለቀሰ፣ ያለውን ብረት ሠሪ በሐሜት ያሳድዳል።

ሕጉ ከተናገረ ቆይቷል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። አዋጅ ግን ከምኝታ ቤት ሹክሹክታ አይደርስም። እኛው ራሳችን በዚህ ግቢ ውስጥ፣ ቀን ስለ እኩልነት ተከራክረን፣ ማታ አንድ ወንድማችን እጮኛውን ሲያስተዋውቀን «ዘሯ ምንድን ነው?» የምንል ከሆነ፣ የተማርነው ምኑን ነው? ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው መሃይም ገበሬ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ምኝታ ቤታችን መጥቶ ያድምጥ።

«ሁለቱንም ፍርሃት የወለደው አንድ ባህል ነው፤ አንዱን ስታፈርሱ ሌላውም ይፈርሳል» የሚሉን መምህራን አሉ። ክርክሩን እናከብራለን፤ ነገር ግን አንቀበለውም። ውግዘት የተነገረው ክፉ ሥራ በሚሠራ ሰው ላይ ነው፤ የሰረቀ ይወገዛል፣ ያልሰረቀ አይነካም። የቡዳ ስም ግን የሚወድቀው ምንም ባላደረገ ሰው ላይ፣ ያውም ከመወለዱ በፊት ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው በደል ነው። ባህልን የሚወድ ሰው ፍርድንና በደልን መለየት ይገባዋል።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ሦስት ነገር እንድናደርግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየደብሩም ሆነ በየመስጊዱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት፣ በዐረብ ፊደል የተጻፉትን የወሎ ዐጀሚ መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ዕቃዎች፣ ጠባቂዎቹን አስፈቅደንና የማይታየውን ሳንዳፈር፣ በዝርዝር እንዲመዘገቡ እንርዳ፤ ለቅርስ መሥሪያ ቤትም እናስታውቅ። ሁለተኛ፣ በቤታችን ሰው ሲታመም ከሽማግሌዎቹ ጋር ጠብ ሳንገጥም፣ «ጸሎቱም ይሁን፣ አስቀድመን ግን ጤና ጣቢያ እንውሰደው» እንበል። ሦስተኛ፣ ከባለ እጁ ቤት ገብተን ቡና እንጠጣ፤ እርሱንም በቤታችን እናስቀምጥ፣ እናጉርስ። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ እናትና አባት ፊት የሚደረግ ነውና። ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ተማሪም ሆነ መምህር ቢኖር መልሱን ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለታለን።