ባለ መሰንቆው በፊልም ታየ፤ ሰሚውስ ወዴት አለ?

የደጋው ጎጃም ሰው ዘፈንን በጆሮው ብቻ የሚሰማ አይደለም፤ ከዘፋኙ ጋራ አብሮ የሚሠራ ነው። በደባይ ጥላትግን ወረዳ ርእሰ ከተማ በቁይና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፥ ገና ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባለው የሠርግ ወራት ባለ መሰንቆው በዳሱ መካከል ሲቆም፥ ግጥሙን የሚያወጣው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። ስለዚህ ይኸው ባለ መሰንቆ ብቻውን በፊልም ተቀርፆ በመጣ ጊዜ በወዳጆቹ ዘንድ ልዩ ልዩ አሳብ መነሣቱ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ባለ መሰንቆው ወይም ባለ ክራሩ ያለ ኪቦርድ፥ ያለ ጊታርና ያለ ድራም፥ ብቻውን ተቀምጦ ሲጫወት የሚታይባቸው ፊልሞች በቴሌቪዥንም በእጅ ስልክም እየበዙ ሄደዋል። ቦታው ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ክፍል ነው፤ ከበስተኋላው መጋረጃ ይሰቀላል፤ መብራቱ በተጫዋቹ ፊት ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰው ድምፅና ከአንድ መሣሪያ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ለገበያ ወደ ከተማ የወጣ ጐልማሳ እህሉን ሸጦ ሲመለስ ከዘፈን አስጫኞቹ ዘንድ ይህን የመሰለውን ፊልም በሚሞሪ ካርዱ አስጭኖ ይሄዳል፤ ማታም ከጎረቤቶቹ ጋራ ሆኖ ሲያየው ክርክሩ ይነሣል።

አንደኛው ወገን፥ ይልቁንም ወጣቱ፥ ፊልሙ ባዶ ነው ይላል። ለጭፈራ የማይመች፥ ትከሻን የማያነሣ፥ የባንዱ ገንዘብ ጐድሎ የተሠራ ይመስላል ብሎ ያማዋል። ሁለተኛው ወገን፥ ዕድሜው ገፋ ያለው፥ በኪቦርዱ ጩኸት ተውጦ የነበረው ግጥም ዛሬ ገና ተሰማ ብሎ ደስ ይለዋል። በሁለቱም አነጋገር ውስጥ እውነት አለ፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በመሣሪያው ብዛትና ማነስ ነውና የነገሩን ዋና ክፍል ሳያዩት ያልፋሉ።

ባንዱን የሚፈልገውን ወጣት መንቀፍ አይገባም። እሱ የተወለደው ኪቦርዱ አገሩን ከያዘ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ትእዛዝ የከተማውን የሌሊት ጨዋታ ባጠበበ ጊዜ ብዙ ነፋሽና መቺ የነበረባቸው ትልልቅ የሙዚቃ ጓዶች እየተመናመኑ ሄደው፥ የብዙ ሰው ሥራ በአንድ ኪቦርድ ተተካ። ከዚያም በሠርግ ቤት ሞንታርቦ ተተከለ። ብዙ መቶ ሰው በታደመበት ዳስ ውስጥ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻዋን ለመሰማት አትችልምና፥ ሕዝቡ ድምፅ ማጉያውን የወደደው በችግር ምክንያት እንጂ በጣዕም ማጣት አይደለም። ዳሩ ግን ፊልም ሠርግ አይደለም፤ ስልኩን በእጁ ይዞ በምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሞንታርቦ አያስፈልገውም።

ደግሞም በጎጃም ልጆች ዘፈን ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የቻግኒ ተወላጅ የሆነችው እጅጋየሁ ሽባባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በስሟ የተጠራውን አልበም በቢል ላስዌል አቀናባሪነት ባወጣች ጊዜ፥ እንደ ሄርቢ ሃንኮክ፥ እንደ ዌይን ሾርተርና እንደ ፋሮ ሳንደርስ ያሉ ስመ ጥር የጃዝ ሰዎች አብረዋት ተጫውተው ነበር። የውጭ አገር ተቺዎች ሥራውን አመሰገኑት፤ ከአገር ቤት አድማጮች መካከል ግን ከልማዱ እጅግ ወጥቷል ብለው የተቀየሙ ነበሩ። እንግዲህ ያን ጊዜ ወቀሳው መሣሪያው በዛ የሚል ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ መሣሪያው አነሰ የሚል ነው። የአገሩን ዜማ የሚወድ ሰው ሁልጊዜ የጐደለውን ነገር ይፈልጋል፤ ብቻ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ለመናገር ይቸገራል።

ለቃሉ የሚቆረቆረው ሁለተኛው ወገን ወደ እውነቱ ይቀርባል። አገሩ የቅኔ አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራ የቆሙበት፥ ሰምና ወርቅ በትምህርት ቤት ብቻ ሳይወሰን እስከ ጠጅ ቤት ድረስ የሚነገርበት ምድር ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ፍች የሚያኖር ገጣሚ፥ ቃሉ አንድ ጊዜ ተሸፍኖበት ካለፈ ወርቁ ጠፋ ማለት ነው። መሰንቆ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ መሣሪያ ነው። አውታሩ አንድ ነው፤ ደጋኑም የጭራ ነው፤ ድምፁ ከሰው ድምፅ ጋራ እኩል ይወጣል፥ እኩል ይወርዳል፤ ዘፋኙ ቃሉን ሲጥል ዝም ይልለታል፥ ዘፋኙ ዝም ሲል ደግሞ ነገሩን ተቀብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ባለ መሰንቆውን ብቻውን ያስቀመጠው የፊልም ሠሪ ከዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን ባለ መሰንቆ በዳስ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ከታዳሚው አንዱ እጁን አንሥቶ «ተቀበል!» ይለዋል፤ ቀጥሎም የግጥሙን የመጀመሪያ ስንኝ ይሰጠዋል። ባለ መሰንቆው ያንን ስንኝ በዜማ አድርጎ ይመልሳል፥ እየደጋገመም ያቆየዋል፤ ይህን የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግጥም ሰጪው ቤት የሚመታውን ሁለተኛውን ስንኝ እስኪያሰናዳ ድረስ ጊዜ ሊሰጠው ነው። ሁለተኛው ስንኝ በወጣ ጊዜ ዳሱ በእልልታ ወይም በሣቅ ይሞላል፤ የተነካው ሰው ደግሞ በተራው ተነሥቶ መልስ ይሰጣል። ሙገሳም፥ ሽሙጥም፥ ፍቅርም፥ የአስተዳደር አቤቱታም በዚህ መንገድ ሲነገር ኖሯል። የግጥሙ ግማሽ የሰሚው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከግማሽ ይበልጣል።

በጸጥተኛው ክፍል ውስጥ የተቀረፀው ፊልም የቆረጠው ይህንን ነው። ባለ መሰንቆው አስቀድሞ ያጠናውን ግጥም በመስተዋቱ ፊት ያወርዳል፤ ተቀበል የሚለው የለም፤ የሚሞገሰው ጌታም የሚነካውም ሰው የለም፤ ስለዚህ ፊቱ እንደ ተማሪ ፊት ይሆናል። ፊልሙን በስልክ የሚያየው የቁይ ሰው ከልማድ የተነሣ ስንኝ ቢያቀብለው እንኳ፥ ተጫዋቹ ሳይሰማው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ወጣቱ ባዶ ነው ያለው ምናልባት ይህንን ሊሆን ይችላል፤ ድራሙ ጐደለ ብሎ ያስባል እንጂ የጐደሉት ሰዎች ናቸው።

እርግጥ ብቻነት የሚስማማው ጨዋታ አለ። በገና ዐሥር አውታር ይዞ የሚደረደረው ለጸሎትና ለተመስጦ ስለሆነ ባለ በገናው ብቻውን ሲታይ ከባሕርዩ የሚጐድል ነገር የለም። የአቶ ዓለሙ አጋን የበገና ድርደራ የሰማ ሰው በመካከል ሌላ ድምፅ ቢገባ ቅር ይለዋል እንጂ ደስ አይለውም። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ፒያኖአቸውን የተጫወቱት እንዲሁ እንደ ብሕትውና አድርገው ነው። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ያረፉት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ደግሞ ክራራቸውን አቅፈው ሲዘፍኑ ከቴአትር መድረክ የለመዱት ፊት ስለነበራቸው፥ ሰሚውን በዐይናቸው ይጠሩት ነበር ማለት ይቻላል። አዝማሪ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሥራው ከሰው ጋራ መነጋገር ነው።

በዚህ ላይ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን አንሥቶ የሚከራከር ይኖር ይሆናል። እሳቸው ከመቶ ዓመት በፊት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ገደማ፥ በጀርመን አገር ሳሉ መሰንቆአቸውን እየመቱ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርፀዋል፤ ይህም የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ለመቀረፅ መጀመሪያው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ዳሱ ያለ ታዳሚ አልነበረም፤ ሆኖም ሥራቸው እስከ ዛሬ ይደመጣል። ይህ እውነት ነው፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ነገር ግን የዚያን ዘመን መሣሪያ በአንድ ሸክላ ፊት ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ነበረና ዳሱን ሁሉ ሊቀርፅ አይችልም ነበር። የዛሬው ካሜራ ሌሊቱን ሙሉ ሊቀርፅ እየቻለ ዳሱን ከውጭ ቢያስቀር ያው ምክንያት አይሆንለትም።

ሌላውም ዓለም ቢሆን ይህን ነገር ሳያስብበት አላለፈም። በአሜሪካ አገር ኤምቲቪ የተባለው ቴሌቪዥን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ ታላላቅ ዘፋኞችን ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ እያስጫወተ ሲቀርፅ፥ ተመልካቾችን ከተጫዋቹ አጠገብ አስቀምጦ ነው፤ ኒርቫና የተባለው ባንድ በ1993 በኒውዮርክ በተጫወተ ጊዜ የታዳሚው ጭብጨባና ጥሪ ከዘፈኑ ጋራ ተቀርፆ ቀርቷል። አውስትራሊያዊው ኒክ ኬቭ በ2020 በሎንዶን በአሌክሳንድራ ፓላስ አዳራሽ ፒያኖውን ይዞ ብቻውን የተቀረፀው ግን አዳራሹ ባዶ ሆኖ ነው፤ ዘመኑ የወረርሽኝ ዘመን ነበረና ባዶው አዳራሽ ራሱ የዚያን ጊዜ ኀዘን የሚናገር ሆነ። የቁይ ዳስ ግን ሰው ሞልቶበታል፤ እሱን ትቶ መጋረጃ ወዳለበት ክፍል የሚያስኬድ ችግር የለም።

ከዚህም ሌላ የእንጀራ ነገር አለ። በዳስ ውስጥ ደስ ያለው ሰው ተነሥቶ ብሩን በባለ መሰንቆው ግንባር ላይ ይለጥፍለታል፤ ዋጋው በዚያው ሌሊት ከሰሚው እጅ ይመጣል። ፊልሙ ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ለተጫዋቹ ምንም አይመልስለትም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች በተቀረፀ ሥራቸው ላይ መብት ሰጥቷቸዋል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ክፍያ ተስማምቶ የተቀረፀ ባለ መሰንቆ ውሉን በጽሑፍ ካልያዘ፥ አዋጁን አንሥቶ ለመከራከር በምን ይቻለዋል? ብቻውን የተቀረፀ ሰው ምስክር እንኳ የለውም።

እንግዲህ ፊልም ሠሪዎች ወደ ደጋው ጎጃም ሲወጡ ካሜራቸውን በጥር ወር በዳሱ ውስጥ ቢተክሉት፥ አንዱን ድምፅ መቀበያ ለባለ መሰንቆው፥ ሁለተኛውን ለታዳሚው ቢያደርጉ፥ የወጪው ልዩነት ብዙ አይደለም። ኪቦርድም ሆነ ሞንታርቦ አያስፈልግም፤ ቃሉም ጥርት ብሎ ይሰማል፥ ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ፍላጎት ይሞላል፤ ጭፈራውና እልልታው ስላለበትም ወጣቱ ባዶ ነው ለማለት አይችልም። ግጥም የሰጡት ሰዎች ፈቃዳቸው ተጠይቆ ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ ይጻፍ፤ ለባለ መሰንቆውም ውሉ በጽሑፍ ይሰጠው። ሁለተኛውን ድምፅ መቀበያ ለመያዝ የሚፈቅድ ልጅ በሠርግ ቤት አይታጣም።